ወደ ቬትናም ለምትጓዙ፦ ምስጋናም ጥቆማም

በፎልስ ቸርች ከተማ፣ ቨርጂኒያ፣ ኤደን ሴንተር በሚባለው የገበያ ማዕከል ካሉት ካፌዎች በአንዱ ለመንገደኞች ቬትናምኛ የሚያስተምሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ «መምህሬ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ከሳይጎን ተነስቼ በሆይ አንና በሁዌ አድርጌ እስከ ሃኖይ ስጓዝ በየገበያውና በየጉሊቱ ሰው የሚለኝን ሰምቼ የምመልሰው በእርሳቸው ድካም ነበርና ምስጋናዬ ሌላ ሰውም በሚጠቀምበት መንገድ እዚህ ይቀመጥልኝ።

በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ኤደን ሴንተርን የምናውቀው ለፎ ሾርባውና ለአትክልቱ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የቬትናሞች መሰባሰቢያ ሲሆን፣ ዛሬም ሦስት ቀይ መስመር ያለው ቢጫ ባንዲራ ይውለበለብበታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1975 ሳይጎን ስትያዝ አብሮ ያበቃለት የደቡብ ቬትናም መንግሥት ባንዲራ ነው። መምህሬም ከተማዋን በዛሬ ስሟ ሆ ቺ ሚን ሲሏት ሰምቼ አላውቅም፤ ለእርሳቸው ሳይጎን ሳይጎን ናት። ይህን የማነሳው ለፖለቲካው ሳይሆን በዚያ ግቢ የሚሰማው ቬትናምኛ በአብዛኛው የደቡቡ ስለሆነ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

መምህሬን ከማግኘቴ በፊት የስልክ መተግበሪያም፣ የኪስ መጽሐፍም ሞክሬ ነበር። ሁለቱም መጠየቅ ያስተምራሉ። «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» ማለት፣ «ኛ ቬ ሲኝ ኧ ዳው?»፣ በአንድ ምሽት ይያዛል። ጥያቄውን አሳምራችሁ ስትጠይቁ ግን የተጠየቀው ሰው ቋንቋውን የምታውቁ ይመስለውና መልሱን እንደ ጅረት ያወርድባችኋል። መምህሬ የሚጀምሩት ከዚህ፣ ከመልሱ ነው። አንዱን ጥያቄ ካስያዙኝ በኋላ በተለያየ መንገድ፣ በአገሬው ሰው ፍጥነት፣ አንዳንዴም ሆን ብለው ምግብ እያኘኩ ይመልሱልኛል። ከሚወርደው ሁሉ መካከል «ትራይ» ግራ፣ «ፋይ» ቀኝ፣ «ዲ ታንግ» ቀጥታ የሚሉትን ለቅሜ በእጄ አቅጣጫውን ማሳየት አለብኝ። ካልሰማሁ ዝም ብዬ እንድስቅ አይፈቅዱም፤ «ኖይ ቻም ላይ»፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ማለት ግዴታ ነው። ሰላምታ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እርሱም በጥቂቱ። «ሲን ቻው በማለት ብቻ የጠፋበትን ሆቴል ያገኘ የለም» ይላሉ።

የገንዘቡን ትምህርት ማየት ነበረባችሁ። ከቦርሳቸው እውነተኛ የቬትናም ገንዘብ፣ የዶንግ ኖቶች፣ አውጥተው ከአሥር ሺሑ እስከ አምስት መቶ ሺሑ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። ከዚያ አፋቸውን እንዳላይ በምግብ ዝርዝሩ ይጋርዱና ዋጋ ይጠራሉ፤ እኔ ኖቱን አንስቼ መስጠት ነው። አምስት «ናም» ነው፤ አሥራ አምስት ሲሆን ግን «ምኧይ ላም» ይባላል፣ ሃምሳ ደግሞ «ናም ምኧይ»። በጫጫታ መካከል እነዚህን ሁለቱን መለየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ላይ ሻጮች ሺሑን ይውጡታል። «ባ ቹክ» ካለች ሠላሳ ማለቷ ነው፤ ሠላሳ ሺሕ መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሃያ ሺሑና አምስት መቶ ሺሑ ሁለቱም ሰማያዊ በመሆናቸው ቸኩሎ የሚከፍል መንገደኛ ያምታታቸዋል። መምህሬም በተማሪ እጅ የተሳሳተው ሰማያዊ ከመጣላቸው ቶሎ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ይከቱና በቬትናምኛ አመስግነው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። ለማስመለስ ያለው መንገድ በቬትናምኛ መጠየቅ ብቻ ነው። በሳይጎኑ ቤን ታን ገበያ አንዲት የጨርቅ ሻጭ ዋጋውን በአፏ ጠርታ ሂሳብ ማሽኗን ልታሳየኝ ስታነሳ ኖቱን ቀድሜ ዘረጋሁላት። ማሽኑን መልሳ አስቀመጠችና ለጎረቤቷ ስለ እኔ የሆነ ነገር አወራች። ያ ከአቅሜ በላይ ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ቋንቋ የተወሰነ ስንቅ ይዞ እንደሚነሳ ያወቅሁትም እርሳቸው ዘንድ ነው። በቬትናምኛ በጣም የሚደጋገሙ ሁለት አናባቢዎች ከእኛ ሳድስና ከእኛ «ኧ» ጋር እጅግ ይቀራረባሉ፤ ለእኛ የዕለት ድምፆች ናቸው። «ኝ»ም አላቸው። እርግጥ እኛ በእርሱ ቃል አንጀምርም፣ እነርሱ ይጀምሩበታል፣ «ኛ» ቤት ነው። ስለዚህ በላቲን ፊደል ከመጻፍ ይልቅ ደብተሬን በፊደላችን ሞላሁት። የቀረው ቃናው፣ የቃሉን ትርጉም የሚለየው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ነው። በሰሜኑ አነጋገር ስድስት፣ በደቡቡ ሁለቱ ስለሚዋሃዱ አምስት ቃና አለ፤ ፊደላችን ይህን የሚያሳይበት ምልክት የለውም። መምህሬ አንድም የግእዝ ፊደል ሳያውቁ ደብተሬን ወደ ራሳቸው አዞሩ። እኔ በጣቴ እየጠቆምኩ ሳነብ እርሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ከእያንዳንዱ ፊደል በላይ ጭረቱን፣ ቆልማማውን፣ ከታችም ነጥቡን አስቀመጡ። ያ ደብተር አሁን እህቴ ዘንድ አዲስ አበባ ነው፤ አልመልስም ብላለች።

እህቴ ያገኘችኝ ሃኖይ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወደዚያ መብረር ስለጀመረ ከአገር ቤት የሚነሳ ሰው ጉዞው ቀሎለታል። የደቡቡና የሰሜኑ ልዩነት እዚህ ላይ ይመጣል። ሳይጎን «ማክ ኳ» ብዬ ያስቀነስኩበት «ውድ ነው» ሃኖይ «ዳት ኳ» ሆነ፤ ሺሕም ከ«ንጋን» ወደ «ንጊን» ተቀየረ። ደቡቦች በአክብሮት «ያ» ብለው የሚመልሱትን ሰሜኖች «ዛ» ይላሉ። መምህሬ የሳይጎን ሰው ሆነው የሰሜኑን አነጋገር ማስተማር አያስደስታቸውም፣ ፊታቸውም ይናገራል፤ ግን የት የት እንደምሄድ አስቀድመው ጠይቀው ሁለቱንም ጎን ለጎን አስጽፈውኛል።

ለጾመኛ ደግሞ የተለየ ውለታ ውለዋል። ጉዞዬ ፍልሰታ ላይ ስለዋለ ምን ልበላ ነው የሚለው አስጨንቆኝ ነበር። ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠር ወሩ በገባ በአንደኛውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሥጋ ስለሚከለከሉ የጾም ምግብ ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም። መምህሬ እንዳስያዙኝ «ቶይ አን ቻይ»፣ የጾም ነው የምበላው፣ ማለት ይበቃል፤ «ኳን ቻይ» የሚል ምግብ ቤትም በየከተማው አለ። ተራ ምግብ ቤት ከገባችሁ ግን «ኾንግ ንኧክ ማም» ጨምሩበት፤ የዓሣው መረቅ አትክልቱም ላይ ሳይቀር ይፈሳል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም።) ቡናውን ያለ ወተት «ካፌ ዴን ዳ» ብላችሁ እዘዙ። አገሪቱ ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ የቡና አምራች ናት፤ የሚበዛው ሮቡስታ የሚባለው ዝርያ ስለሆነ የእኛን ጣዕም ጠብቃችሁ አትቅመሱት።

ለሁሉም ሰው እርሳቸውን አልጠቁምም። ሰዋስው በሥርዓት መማር ወይም የምስክር ወረቀት ለሚፈልግ አይሆኑም፤ በኢንተርኔት አያስተምሩም፤ አርፍዶ ለመጣ ደግሞ ሰዓቱን አያራዝሙም። ክፍያቸው በዚያው ግቢ ከሚበላ ምሳ ብዙ አይበልጥም፣ የሚጠጣውን ግን ተማሪው ይከፍላል። ቅዳሜ የአገራቸውን ልጆች ስለሚያስተምሩ አይገኙም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ለሚመለስ ይመቻል። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የጉዞ ቀናችሁንና የምትደርሱባቸውን ከተሞች አብራችሁ ላኩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እርሱን ነው።