የጥላ አሻንጉሊት ቡድን ለምትጀምሩ፦ የጃቫው ዋያንግ ወይስ የቱርኩ ካራጎዝ?

አማተር ቡድን ሲጀመር መጀመሪያ የሚያከራክረው ይሄ ነው፣ እንደ ዋያንግ ተረት እንስራ ወይስ እንደ ካራጎዝ ኮሜዲ። ሁለቱም ዩኔስኮ የመዘገባቸው ናቸው፣ ዋያንግ በ2008 ካራጎዝ በ2009 እ.ኤ.አ።

ዋያንግ ኩሊት፣ ማለትም የቆዳ አሻንጉሊቱ ዋያንግ፣ ከጎሽ ቆዳ ነው የሚሰራው፣ ቆዳው ብርሃን ስለማያሳልፍ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጥላ ነው የሚታየው፣ ብርሃን የሚገባው በተበሱት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቻ ስለሆነ ልክ ዳንቴል ይመስላል፣ በጣም ነው የሚያምረው! ግን እነ ማሃባራታ (የጥንት የህንድ የጀግኖች ተረት) ሌሊቱን ሙሉ ሲተረኩ አሻንጉሊቶቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውም በየድምፃቸው የሚናገረውም ዳላንግ የሚባል አንድ ሰው ነው። ለጀማሪ ይከብዳል።

የካራጎዝ ቆዳ ደሞ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይሳሳል፣ ቀለሙ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ይላል። ዋናዎቹ ገፀ ባህሪያት ሃጂቫትና ካራጎዝ ናቸው፣ ሃጂቫት እንደ ተማረ ሰው ሲራቀቅ ካራጎዝ አጣሞ ይሰማዋል፣ ሳቁ እዛ ጋ ነው፣ በዚህ መንገድ ማንኛውንም የታወቀ ተረት ፓሮዲ (አስቂኝ ቅጂ) ማድረግ ይቻላል።

እኔ በካራጎዝ ጀምሩ ነው የምለው። ተረቱን ግን እንዳትተዉት፣ ዋያንግ ውስጥም እነ ሴማር የሚባሉት ቀልደኞች ከባዱን ታሪክ አቋርጠው ያስቃሉ። ለልምምድ ካርቶንና አንድ አምፖል ይበቃል፣ አሻንጉሊቱን ከስክሪኑ ወደ አምፖሉ ስታስጠጉት ጥላው እየገዘፈ ይደበዝዛል፣ ጭራቅ ሲመጣ እሱን ተጠቀሙበት።