ጨርቅ ያልለበሰው ጠረጴዛ፦ ሁለት ማዕድ በሙኒክ

ሠላሳ ዓመት በኦዲተርነት የሠራ ሰው ምግብ ቤት ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ወጥ ላይ ሳይሆን ሂሳብ ላይ ነው። የሙኒክን ምግብ ቤቶችም የመዘንኩት በዚሁ ክፉ ልማዴ ነው። ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ እዚያ ትኖራለችና በሐምሌ ወር ሦስት ሳምንት እሷ ዘንድ ሰነበትኩ። "ጋሼ፣ እዚህ ድረስ መጥተው ቢርጋርተን ሳይቀመጡ ቢመለሱ እናቴ ምን ትለኛለች?" ብላ ያዘችኝ። ቢርጋርተን ማለት የቢራ መናፈሻ ነው። እኔ ግን ተጓዥ ሁሉ የሚሠራውን ስሕተት ሠራሁና በመጀመሪያ ቀን ወደ መሀል ከተማው ጎተትኳት።

የገባንበት ምግብ ቤት ቱሪስት የሚርመሰመስበት ሠፈር ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቅር። ጣራው ቅስት፣ ግድግዳው በጥቁር እንጨት የተለበጠ፣ የጠረጴዛው ልብስ ከመታጠቡ የተነሣ የሚያብረቀርቅ። በቅርጫት ብሬዘን ቀርቧል፤ ቡናማ፣ የተጠማዘዘ፣ ፍርፍር ጨው የተነሰነሰበት ዳቦ ነው። ሳንጠይቅ የቀረበ ነገር የእንግዳ አክብሮት ነው ብዬ ሁለቱን በላሁ። በመጨረሻ አስተናጋጁ ጣቱን ወደ ቅርጫቱ ቀስሮ ስንት እንደጎደለ ቆጠረና ሂሳቡ ላይ ደመረው። የእህቴ ልጅ ሳቋን አፈነች። ሙኒክ ዋና ከተማው በሆነበት የጀርመን ክፍለ ሀገር፣ በባየርን፣ በባህላዊ ምግብ ቤቶች ልማዱ ይኸው ነው፤ የበላኸውን ትናገራለህ፣ ትከፍላለህ። አለማወቄ ነውና ይህን በጉድለት አልመዘግበውም።

የመዘገብኩት ቢራውን ነው። ጀርመን ውስጥ የቢራ ብርጭቆ ሁሉ የልኬት መስመር አለው፤ ቢራው እስከ መስመሩ፣ አረፋው ከመስመሩ በላይ መሆን አለበት። የእኔ አረፋ ሲሰክን ቢራው ከግማሽ ሊትሩ መስመር አንድ አውራ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥቼ አሳየሁት። ዘመዴ አፍራ ዓይኗን ጣለች እንጂ ነገሩ የእኔ የብቻዬ ንዝንዝ አይደለም፤ ሙኒክ ውስጥ አጉድሎ መቅዳትን የሚቃወም ማኅበር ጭምር አለ። አስተናጋጁ ሞላልኝ፣ አላጉረመረመም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጠረጴዛችን መንገዱ ጠፋው። ሂሳብ ለመክፈል አርባ ደቂቃ ጠበቅን።

ስለ ምግቡ ለሀገሬ ሰው መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፤ የባየርን ማዕድ የቆመው በአሳማ ላይ ነው። የሚታየው ብቻ አይደለም። የጥጃ ሥጋ ነው የሚባለው ነጩ ቋሊማ፣ ዋይስቩርስት፣ ውስጡ የአሳማ ስብ አለበት። ሌበርኬዝ የሚሉት ደግሞ ስሙ "ጉበት አይብ" ማለት ሲሆን በባየርኑ ውስጥ ጉበትም አይብም የለም፤ የበሬና የአሳማ ሥጋ ተፈጭቶ እንደ ዳቦ የተጋገረ ነው። የኮመጠጠው ጥቅል ጎመን እንኳ ብዙ ጊዜ የሚበስለው ከአሳማ ስብ ጋር ነው። አሳማ የማይበላ ሰው አስተናጋጁን ሦስት ጊዜ ይጠይቅ። እኔ በዚያ ምሽት ኬዝሽፔትስለ በላሁ፤ በእንቁላል የተቦካ አጫጭር ፓስታ አይብ ቀልጦበት፣ የተጠበሰ ሽንኩርት ተበትኖበት ይመጣል። ሽንኩርቱ ጥሩ ነበር። የቀረው ሆድ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይቀመጣል።

በማግስቱ ዓርብ ነበርና ጾም። "ዛሬማ ጀርመን ቤት ምን እበላለሁ?" ስላት የእህቴ ልጅ ምንም ሳትመልስ ወጥ ቤት ገባች። ምስር ወጥና ጎመን በዕቃ፣ እንጀራውን ጠቅልላ በንጹሕ ፎጣ ይዛ ወጣች። ምግብ ቤት ስንቅ ይዞ መሄድ ነውር አይደለምን ብዬ ተከራከርኳት። "ሕጉ ይፈቅዳል" አለች። ሕግ የሚለው ቃል ሲነሣ እኔ ዝም እላለሁ።

ከዋናው የባቡር ጣቢያ ኤስ ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ጥቂት ደቂቃ ሄደን ሂርሽጋርተን በሚባለው ጣቢያ ወረድን፤ ከዚያ በእግር ነው። "የአጋዘን መናፈሻ" እንደ ማለት ነው፤ የባየርን ገዥ የነበረው ልዑል ካርል ቴዎዶር በ1780 (ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው) ለአደን ያስከለለው ቦታ ነበር። አጋዘኖቹ ዛሬም ከመቀመጫዎቹ ማዶ ከአጥር ውስጥ ሣር ይነጫሉ። ስምንት ሺህ ሰው የሚያስቀምጥ ነው ሲባል አላመንኩም ነበር። ረድፍ ቆጠርኩ፣ በረድፍ ጠረጴዛ ቆጠርኩ፣ በመካከል ተሰላችቼ ቃላቸውን ተቀበልኩ።

ቦታው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን ጠረጴዛዎቹ ጨርቅ ለብሰዋል፤ እዚያ አስተናጋጅ ይታዘዛል። በሌላው ወገን ጠረጴዛው ባዶ እንጨት፣ መሬቱ ጠጠር፣ አስተናጋጁ ራስህ ነህ። ስንቅ የሚፈቀደው በባዶው በኩል ብቻ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ባለ አንድ ሊትሩን ጃንቦ ራሴ አንሥቼ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቄ ወደ ቀጂው ሄድኩ። አንዳንዱ እንግዳ ተቀማጥሎ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ብርጭቆዬ መታጠቡን በገዛ ዓይኔ ያየሁበት ሌላ ቢራ ቤት የለም። ውኃው ደግሞ መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል።

ቢራው ኦውጉስቲነር ነው፤ ጠማቂው ታሪኩን ከ1328 ጀምሮ ይቆጥራል፣ በሙኒክ ከእሱ የሚቀድም የለም። የሚቀዳው ሁለት መቶ ሊትር ከሚይዝ የእንጨት በርሜል ነው፤ በርሜሉንም "ሂርሽ"፣ አጋዘን፣ ይሉታል። በጋዝ ግፊት ስለማይገፋ ምላስ አይነክስም፤ ለስላሳ ነው፣ የገብሱ ጣፋጭነት ቀድሞ ይመጣል፣ ምሬቱ ኋላ ይከተላል። የባየርን መስፍን በ1516 ባወጣው ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ተደንግጓል። ሆፕስ የእኛን ጌሾ ሥራ ይሠራል፤ ሲጎመዝዝህ የእናትህ ጠላ ትዝ ቢልህ አይግረምህ። አረፋው ሲሰክን መስመሩን ተመለከትኩ። ከመስመሩ በላይ ነበር። "ጠግበዋል ጋሼ?" አለችኝ። የጠገብኩት በልኬቱ መሆኑ ገብቷታል።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1539 የወጣ ደንብ ቢራ መጥመቅን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሚያዝያ የጊዮርጊስ በዓል ድረስ ባለው ጊዜ ወሰነው፤ በበጋ ሙቀት ጠመቃ ቢራውን ያበላሻል፣ እሳትም ያስነሣል ተብሎ። ጠማቂዎቹ የበጋውን ቢራ ለማቆየት ጥልቅ ምድር ቤት ቆፈሩ፤ በላዩም ጥላው እንዲያቀዘቅዘው ቅጠለ ሰፋፊውን የካስታንየ ዛፍ ተከሉ፤ ሥሩ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች ስለማይዘልቅ ጣራውን አይሰነጥቅም። ሕዝቡ ከጥላው ሥር ቢራ መግዛት ሲለምድ የከተማው ምግብ ሻጮች ገበያችን ተወሰደ ብለው ጮኹ። የባየርን ንጉሥ ማክሲሚሊያን ዮሴፍ በጥር 1812 ፈረደ፦ ጠማቂዎቹ በምድር ቤታቸው ላይ ቢራ ይሽጡ፤ ከዳቦ በቀር ግን ምግብ አይሽጡ። ስለዚህ ሰው ስንቁን ከቤቱ ይዞ መጣ። ዛሬ ጠማቂው ምግብ መሸጥ ተፈቅዶለታል፣ የስንቁ መብት ግን አልተነካም፤ በ1999 የወጣው የባየርን ደንብም ቢርጋርተንን ቢርጋርተን ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን ጽፏል። መጠጥ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ የስምምነት ሰነድ አንብቤያለሁ፤ ሁለት ባላጋራ ነጋዴዎችን አስታርቆ ትርፉን ለተጠቃሚው የጣለ እንዲህ ያለ ውሳኔ አላስታውስም።

ጠረጴዛው ረጅም ስለሆነ ከማያውቁት ሰው ጋር ይቀመጣሉ። "ይህ ቦታ ነጻ ነው?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከጎናችን ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ከዘንቢላቸው የራሳቸውን የጠረጴዛ ልብስ፣ መክተፊያ፣ ቢላዋና ነጭ ፍጅል አወጡ። ሴትዮዋ ፍጅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ እንደ ጥምጥም አዙራ ሸነሸነችው፣ ጨው ነስንሳም እስኪያላብ ተወችው። የእህቴ ልጅ በበኩሏ ፎጣውን ፈትታ የተጠቀለለውን እንጀራ መዘርጋት ጀመረች። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ በትሕትና ጃንቧቸውን ብድግ አድርገው ክንዳቸውን ሰበሰቡ። የጠረጴዛ ልብስ እያለበስን መስሏቸው ነበር! ምስሩ ሲፈስበት ፊታቸው ላይ የታየውን ድንጋጤ እስካሁን አልረሳሁትም። ጃንቧቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ሚስታቸው ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፣ ፍጅሉም ወደ እኛ ተገፋ። ፍጅል በምስር ወጥ ይሄዳል፤ ማን ያስብ ነበር።

አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፤ በአብዛኛው ቢርጋርተን እንዲሁ ነው፣ ወገብ ለሚያመው ሰው አስቀድሜ እናገራለሁ። ፀሐይ በወጣበት ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይድረሱ። አንድ ሊትሩ ለብዙ ሰው ይበዛል፤ ቢራ በሎሚ ለስላሳ የተቀላቀለበት ራድለር አለ፣ ለማይጠጣው ደግሞ ኮላና ብርቱካን የተደባለቀበት ሽፔትሲ አለ።

እሑድ ለዶሮ ተመለስን። ግማሽ ዶሮ ነው የሚሸጡት፤ ቆዳው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ይላቀቃል። በዚህ ቀን እኛም የጠረጴዛ ልብስ ይዘን ነበር፤ የእህቴ ልጅ ቀይና ነጭ ዳማ ያለበት ገዝታለች። ዘርግተን ያንኑ ቦታ ይዘን እስከ ማታ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ግን አልመጡም።