ፓሲፊክ ሰርፍላይነር፦ ቢዝነስ ወይስ ተራው ማዕረግ?

ከሳን ዲዬጎ ተነስቶ በሎስ አንጀለስ በኩል እስከ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ 565 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው የካሊፎርኒያ ባቡር ሁለት ማዕረግ አለው።

ዋጋ፦ ተራው ይረክሳል። ቢዝነስ ጭማሪ ያስከፍላል፤ ቀለል ያለ መክሰስና ለስላሳ መጠጥ ግን እዚያው ውስጥ ነው።

መቀመጫ፦ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። የቢዝነስ ትኬት የቆረጠ መቀመጫ አያጣም፤ እግሩንም እንደልቡ ይዘረጋል። በተራው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። በሐምሌ ቅዳሜና እሁድ፣ ባቡሩ ሲጨናነቅ፣ ቆሞ መሄድም ሊመጣ ይችላል።

ዕይታ፦ እኩል ነው። ወሳኙ የሚቀመጡበት ጎን ነው፤ ባሕሩ ወደ ደቡብ ሲሄዱ በቀኝ፣ ወደ ሰሜን ሲሄዱ በግራ ነው። ለቢዝነስ ከፍሎ ኮረብታ ሲያይ የሚውል ሰው ያሳዝነኛል፤ እባክዎ ይህን አይርሱ።

ስጋት፦ በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ መካከል ባለችው ሳን ክሌመንቲ የመሬት መንሸራተት ሐዲዱን በተደጋጋሚ ዘግቷል። ከዚህ የሚያድን ማዕረግ የለም።

ከሳንታ ባርባራ በስተሰሜን ሐዲዱ መኪና በማይደርስበት የባሕር ዳርቻ ያልፋል። እስከዚያ ለሚዘልቅ ወይም በበዓል ሰሞን ለሚጓዝ ቢዝነስ ይሻላል። ከሳን ዲዬጎ እስከ ኦሽንሳይድ ብቻ ከሆነ ተራው ይበቃል።