የዳብል ቤዜ መቃኛዎች ከ14 ወር በኋላ፦ ዝዝታውን ያጠፋው ስቴኪኒ ነው

ይህን ዳብል ቤዝ (ቆመው የሚጫወቱት፣ ቫዮሊን መሰል ግዙፍ ባለ አራት ክር መሣሪያ) የገዛሁት አምና ሰኔ ላይ፣ ወደ ውጭ ሊሄድ ሻንጣ ሲያስር ከነበረ ሙዚቀኛ ነው። ቻይና ሠራሽ ነው፤ ገላው ፕላይውድ። ስለ ድምፁ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ የማወራው አንገቱ ጫፍ ላይ ስላሉት አራት የናስ መቃኛዎች ብቻ ነው። 14 ወር ሙሉ ያሳበዱኝ እነሱ ናቸውና።

ማሲንቆ ላይ ክሩን የሚይዘው እንጨት የሚቆመው በሰበቃ ነው። ጨበጥ አድርጎ ማዞር፣ ከላላ ገፋ ማድረግ፣ በቃ። የዳብል ቤዝ አንዱ ክር ግን ሲወጠር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ገደማ ይስባል። ስለዚህ እጀታው ብሎን የመሰለ ጠመዝማዛ ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ ደግሞ ጥርሳም ማርሽ ይገፋል። እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ማርሹ የሚሄደው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ማርሹ በተራው ዘንጉን ወደ ኋላ ማዞር አይችልም። ክሩ በራሱ የማይላላው ለዚህ ነው።

ችግሩ ዕቃው መብዛቱ ነው። እያንዳንዱ መቃኛ ላሜራ አለው፣ ዘንግ አለው፣ ማርሽ አለው፣ የማርሹ ማሰሪያ ብሎን አለው፣ ላሜራውን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙ አራት ብሎኖች አሉት። በአራት አባዙት። ከእነዚህ አንዱ ከላላ ቤዙ በተመታ ቁጥር አብሮ ይዘፍናል።

ክረምቱን በሰላም አለፍን። ኅዳር ላይ ግን አንድ ዓርብ ማታ የምንጫወትበት ሆቴል ውስጥ ሶሎ ደርሶኝ ክፍቱን ኤ (ከአራቱ ክሮች፣ ከኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ አንዱን፣ በጣት ሳልጫነው) ስመታ፣ ዝዝዝዝ። ፒያኒስቱ ዞር ብሎ አየኝና «ዝንብ ገባብህ እንዴ?» አለኝ። መጀመሪያ ስፒከሩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ቤዙን ሳይመታ፣ እጀታዎቹን ነካ ነካ አድርጎ «መቃኛዎቹ አልቀዋል፣ ሙሉውን ቀይር» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ቤዙን የገዛሁበትን ሲሶ ይሆናል። አመስግኜ ወጣሁ።

እንዲህ ያለውን ዝዝታ ጆሮ ለብቻው አያገኘውም፤ ጣት ነው የሚያገኘው። እሁድ ጠዋት ታናሽ ወንድሜን አስቀምጬ ክፍቱን ኤ በቀስት በረጅሙ እንዲስብልኝ አደረግኩ። ያ ክር በሰከንድ 55 ጊዜ ይርገበገባል፤ የላላ ነገር ካለ ያስነሳዋል። እሱ ሲስብ እኔ እያንዳንዱን ዕቃ በተራ በጣቴ ጫን እላለሁ። የኤ እጀታ፣ ምንም። የኤ ማርሽ፣ ምንም። የኢ፣ ምንም። «ወንድምጋሼ፣ ክንዴ ዛለ እኮ» ማለት ሲጀምር የዲን ማርሽ ነካሁ። ዝዝታው ግማሽ በግማሽ ጠፋ። ኤ ሲመታ የሚጮኸው፣ ማንም ያልነካው የዲ መቃኛ ነበር።

የማርሹ ማሰሪያ ብሎን ላልቷል። በካቻቪቴ ሩብ ዙር በቂ ሆነ። እዚህ ላይ አትጨክኑ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ እጀታው አልዞር ይላል። ጠብቆ ካበቃ በኋላ የብሎኑ ጠርዝ ላይ የእህቴን ጥፍር ቀለም ጠብ አደረግኩበት። ዳግመኛ እንዳይላላ ይይዘዋል፣ ሲያስፈልግም በካቻቪቴ ይላቀቃል። ሱፐር ግሉ ግን እዚያ አካባቢ አታድርሱ። የቀረው ግማሽ ዝዝታ ከመቃኛውም አልነበረም። የዲ ክር ትርፍ ጫፍ መቃኛዎቹ ከተሰኩበት ሳጥን ግድግዳ ጋር እየተላተመ ነው። አላልቼ እንደገና ጠመጠምኩትና ጫፉን ከጥምጥሙ ሥር አስገባሁት።

ጥር ላይ ተመልሶ መጣ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በጋው ደግሞ ደረቅ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብሎኑ መያዣ ያጣል። ከ16ቱ የላሜራ ብሎኖች ሁለቱ እንደ ልባቸው ይዞራሉ። መፍትሔው ስቴኪኒ ነው። ቀዳዳውን በእንጨት ኮላና በስቴኪኒ ሞላሁ፣ ትርፉን ሰበርኩ፣ አሳደርኩት። ጠዋት ብሎኑን ሻማ ቀብቼ በእጅ አስገባሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። እጀታው ሲዞር ሲጥጥ ይል ስለነበር የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ነፋሁበት። ለሁለት ሳምንት እንደ ቅቤ ዞረ። ከዚያ ደረቀና ከበፊቱ ባሰ፤ ፈሳሹም ወደ እንጨቱ ወርዶ ጥቁር እድፍ ትቶልኛል። አሁን የማደርገው ሌላ ነው። አንዱን መቃኛ ፈትቼ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እና በትንሽ ነጭ ጋዝ አጥበዋለሁ፤ ከቤዙ አርቄ፣ ቫርኒሹን እንዳይነካ። ከዚያ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን የሊቲየም ግራሶ በስቴኪኒ ጫፍ ያህል ጥርሱ ላይ አደርጋለሁ። በዓመት አንዴ ይበቃል። አራቱንም ክር በአንድ ጊዜ አታውጡ። ድልድዩን (ክሮቹን ከገላው ከፍ አድርጎ የያዘውን እንጨት) ቀጥ አድርጎ ያቆመው የክሮቹ ውጥረት ብቻ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የቆመችውን ቀጭን እንጨትም የሚይዛት እሱ ነው። ፈረንሳዮች ያችን እንጨት «ነፍስ» ይሏታል። ከወደቀች መልሶ ማቆም የጠጋኝ ሥራ ነው።

አንዳንዴ ስትቃኙ ጠቅ ይልና ድምፁ ዘሎ ያልፋል። ያ መቃኛው አይደለም። ክሩ አንገቱ አናት ላይ ባለው ጎድጓድ ስለሚጣበቅ ነው። ክሩን ከፍ አድርጋችሁ ጎድጓዱን በእርሳስ አጥቁሩት። ስትቃኙም ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ድረሱ። በዘንጉና በማርሹ መሃል ትንሽ ክፍተት አለ፤ ከላይ ከመጣችሁ ክፍተቱ ሳይሞላ ይቀርና ክሩ በኋላ ይወርዳል።

ባለፈው ወር ደግሞ ዝዝታውን ሰምቼ መድረክ ላይ መቃኛዎቹን ጨብጬ ጨብጬ አጣሁት። ከድራሙ ስኔር (ከትንሹ ከበሮ) ሥር ያለው ሽቦ ነው! ቤዝ ሲመታ አብሮ ይንጫጫል። ድራመሩ ማንሻውን ሲያወርደው ጭጭ አለ።

ለመሆኑ መቃኛዎቹ ምን ይመስላሉ? ቢጫ ቅባቸው እየተላጠ ነው፤ አያሳስበኝም። ቅኝት ይይዛሉ። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት 300 ብር አይሞላም። የኢ ዘንግ ግን የመድረክ በር ገጭቶት ትንሽ ጎብጧል፤ እሱን ምንም ጥገና አያቀናውም። ጀርመን ማርክኖይኪርሽን የሚሠሩትን የሩብነር መቃኛዎች እያየሁ ነው። ከማዘዝ በፊት በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀትና ክሩ የሚጠመጠምበትን ዘንግ ውፍረት መለካት ያስፈልጋል፤ አለዚያ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ሊመጣ ነው። ልኬቱን ወስጄ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። ጥቅምት ላይ ከዚያ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። እስከዚያ የኢን እጀታ ዝም ያሰኘችው ጫማ ሰፊው የሰጠኝ የቆዳ ቁራጭ ናት። ክብ አድርጌ ቆርጬ፣ መሃሏን በስቼ፣ እንደ ሮንዴላ በእጀታውና በላሜራው መሃል አስገብቻታለሁ።