ለሰርቨር ባለሙያዋ እህታችን ምስጋናና ጥቆማ

ለግል ትምህርት ቤቶች የውጤትና የክፍያ ሲስተም እናከራያለን። ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሰርቨሩና ዳታቤዙ ግን አንድ ነው። ሰኔ ላይ አንዱ ትልቅ ትምህርት ቤት የሁሉንም ተማሪ ሪፖርት ካርድ በአንዴ ማውጣት ሲጀምር የሌሎቹ ገጽ አልከፍት ይላል። ወላጅ ይደውላል፣ ርእሰ መምህር ይደውላል። ያማከርናቸው ሁሉ «ትልቅ ሰርቨር ግዙ» ነበር የሚሉን።

ይህች ባለሙያ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል ነው። እያንዳንዱ ሪኩዌስት (ወደ ሰርቨሩ የሚመጣ ጥያቄ) የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ እንዲመዘገብ አደረገችና ሰርቨሩን ማን እንደያዘው ቁልጭ አድርጋ አሳየችን። ከዚያ የሪፖርት ካርዱን ሥራ ለብቻው ወረፋ አስያዘችው፤ ወረፋውም ከየትምህርት ቤቱ በተራ ይወስዳል። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ቅንብሩን ካልነኩት በአንድ ጊዜ 100 ኮኔክሽን (ግንኙነት) ነው የሚፈቅደው። አንዱ ጠቅልሎ እንዳይወስደው ለእያንዳንዱ ጣሪያ አበጀችለት። ጥያቄዎችን ከፊት ሆኖ በሚቀበለው ፕሮግራም፣ በኢንጂንክስ ላይ ያስቀመጠችው ገደብም በትምህርት ቤት እንጂ በአይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት መለያ ቁጥር) አይደለም። ልክ ናት። በሞባይል ዳታ ብዙ ወላጅ በአንድ አይፒ ሊወጣ ስለሚችል፣ ምንም ያላጠፋው ሰው ይዘጋበት ነበር። ኢንጂንክስ ገደብ ላለፈ ሰው እንዲሁ ቢተው 503 (አገልግሎቱ አሁን የለም የሚል የስህተት ቁጥር) ነው የሚመልሰው፤ እሷ 429 አደረገችው። ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ጥያቄው በዝቷል፣ ትንሽ ቆይተህ ሞክር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ማንም ሳያዛት ስለሠራችው ነው። አንድ ኮኔክሽን ለአንዱ ትምህርት ቤት አገልግሎ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የቀድሞው ትምህርት ቤት መለያ ላዩ ላይ ከቀረ የአንዱ ተማሪ ውጤት ለሌላው ትምህርት ቤት ሊታይ ይችላል። መለያው በትራንዛክሽኑ (በአንዱ የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ብቻ እንዲኖርና ሲያልቅ አብሮ እንዲጠፋ አደረገች። ፖስትግሬስ ከ9.5 እትም ጀምሮ ያለውን የረድፍ ጥበቃም፣ ማለትም ከሠንጠረዡ የተፈቀደው ረድፍ ብቻ እንዲታይ የሚያደርገውን፣ አበራችው። የሠንጠረዡ ባለቤት የሆነው የዳታቤዝ ተጠቃሚ ካልከለከሉት ይህን ጥበቃ አልፎ ስለሚገባ፣ አፕሊኬሽኑ የሚገባበትን ተጠቃሚ ከባለቤቱ ለየችው። የልጆች መረጃ ነው። እንዲህ የሚጠነቀቅለት ሰው በማግኘታችን ልቤ አርፏል።

የሠራችውን ሁሉ በአማርኛ ጽፋ፣ ለቴክኒክ ልጆቻችን አስረድታ ነው የሄደችው። ዘንድሮ ያው ትልቅ ትምህርት ቤት ካርዱን ሲያወጣ ሌሎቹ በሰላም ክፍያ ሲመዘግቡ ዋሉ። ትልቅ ሰርቨርም አልገዛንም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ! ስሟን እዚህ እንዳላወጣ ጠይቃኛለች። ብዙ ደንበኛ በአንድ ሰርቨር የምታስተናግዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እሑድ አትሠራም፣ እባካችሁ ያን ቀን ተዉላት።