ደሴ ላይ አጎቴን ኢንዶስኮፒ ያስደረግንበት ክሊኒክ

ለእረፍት ደሴ ሄጄ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሊጻፍለት የሚገባው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ሆቴሉም ታክሲውም ደህና ነበሩ፣ እነሱን እንለፋቸው።

አጎቴ እንጀራ አልወርድ እያላቸው በውኃ ማወራረድ ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። አንድ መድኃኒት ቤት «ጨጓራ ነው» እያለ ኦሜፕራዞል ሲሸጥላቸው ከርሟል፤ ኪሏቸውን የጠየቀ የለም። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ መበሳቱን ያየችው አክስቴ ናት።

የክሊኒኩ ሐኪም ግን ቁጭ ብሎ ጠየቀ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ አልወርድ ያለዎት ጠጣሩ ነው ፈሳሹ?» ከመቼ ጀምሮ? የሚቆመው አንገት ላይ ነው ደረት ላይ? ቃር አለ? ስንት ኪሎ ቀነሱ? ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ሆስፒታል የቀጠሮ ክፍል ስለምሠራ ጥያቄዎቹ አዲስ አልሆኑብኝም። በኤድንብራ ስም የሚጠራው የመዋጥ ችግር ነጥብ፣ ማን ቶሎ መመርመር እንዳለበት የሚለይበት፣ የሚሰላው በአብዛኛው ከነዚሁ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ታማሚው ወንድ ሲሆን፣ ከ3 ኪሎ በላይ ሲቀንስ ነጥቡ ይወጣል፤ ችግሩ ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ አንገት ላይ ከተሰማ ወይም ቃር ካለ ይወርዳል። ከ3.5 በታች ያገኘ ሰው የካንሰር ሥጋቱ አነስተኛ ነው። ያም ቢሆን ነጥቡ ወረፋ ለማስያዝ ነው፤ መመርመሩ አይቀርም፣ ከፍ ማለቱም ካንሰር ነው ማለት አይደለም።

አጎቴ ከፊት ከሚሰለፉት ሆኑና በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ለኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ለማየት፣ ተቀጠሩ። ጉሮሯቸውን በመርጨት ያደነዘዘችው ነርስ «አብሽሩ ጋሼ» ስትላቸው ትከሻቸው ረገብ አለ። ወሎ ነውና ማጽናናት ያውቁበታል።

ያልወደድኩት ክፍያውን ነው። በቱቦው ከውስጥ የሚወሰደው የሥጋ ናሙና ምርመራ ለብቻው እንደሚከፈል የሰማነው ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ነበር። ናሙናው የሚሄደውም አዲስ አበባ ነው፤ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ ቁርጡን የሚነግር ጠፋ። አክስቴ የዚያን ሰሞን እንቅልፍ የላትም።

ውጤቱ ካንሰር አይደለም፤ የምግብ ቧንቧቸው ላይ የጨጓራ አሲድ ያቆሰለው ቦታ ጠባሳ ይዞ ጠቧል። ድሮ ያንገበግባቸው የነበረው ቃር የቀነሰው ድነው ሳይሆን መንገዱ ስለጠበበ ሊሆን ይችላል ብሎ ሐኪሙ ራሱ አስረዳን። ለማስፋቱ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላቸዋል።

እዚያ የምትሄዱ ከሆነ ሙሉውን የናሙና ክፍያ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሪፖርቱንም ከነፎቶው ተቀበሉ። ለኛ የሰጡን አንዲት ብጣቂ ወረቀት ስለነበረች ፎቶውን ለማግኘት ተመልሰን መሄድ ነበረብን።