ካምፓኞሎ ወይስ ሳንቱር?

የ1970ዎቹን የውድድር ሳይክል በዘመኑ ዕቃ ለሚገጣጥም ሰው ትልቁ ጥያቄ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ነው።

የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ኑኦቮ ሪኮርድ ውበቱ አፍ ያስከፍታል። ዝነኛው የቤልጅግ ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስም የጋለበው በሱ ነው። ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ እንደገና ይሠራል። ዳገት ላይ ግን ያስቸግራል። ሰንሰለቱ ከኋላ ትልቁ ጥርስ (ባለጥርሱ ክብ ብረት) ላይ እንዲወጣ የማርሹን ማንሻ አሳልፎ መሳብ፣ ከዚያ ትንሽ መለስ ማድረግ ያስፈልጋል።

የጃፓኑ ሳንቱር በ1964 እ.ኤ.አ. መላ አበጀለት። መቀየሪያውን ዘንበል አድርጎ ስለሠራው፣ ሰንሰለቱን የሚመራው ትንሽ ጎማ ከሁሉም ጥርሶች ጋር ተቀራራቢ ርቀት ይጠብቃል። ማርሹ ሳያንገራግር ይገባል። ብልሃት ማለት ይሄ ነው! የፈጠራ መብቱ ሲያበቃ ሌሎቹም ተከተሉት። የሳንቱር ዋጋም ረከስ ይላል።

ለጣሊያን ፍሬም ካምፓኞሎ ያምራል። በጣሊያን የቶስካናን የጠጠር ዳገት ለመውጣት ከሆነ ግን እኔ ሳንቱርን እገጥማለሁ።